የአያ ይሻው የበረዶ ደብተር

ሠናይት ይሻውን የሚያውቋት ሁሉ አንድ ነገር ይመሰክሩላታል፤ በቀላሉ አታምንም። ሱቅ ገብታ አንድ ኪሎ ስኳር ስትገዛ ዓይኗ ከሚዛኑ አይነቀልም። ተማሪዎቿ «አሞኝ ነው የቀረሁት» ሲሏት የቱ ጋ እንዳመማቸው፣ ማን እንዳከማቸው፣ ምን እንደዋጡ አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ መሰናዶ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ስታስተምር አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ዕድሜዋ ሃያ ስምንት ነው፤ እናቷ ወይዘሮ አሰለፈች ግን ለሰው የሚናገሩት ሃያ አምስት እያሉ ነው። ስንቱ መልከ መልካም መጥቶ ተመለሰ። አንዱ ሳቁ በዛብኝ ተብሎ፣ ሌላው ጫማው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፣ ምን ሠርቶ ነው የሚኖር ተብሎ። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለው ተረት ለእሷ የተተረተ ይመስል ነበር።

እንዲህ ያለችውን ልጅ ነው እንግዲህ ፍቅር የያዛት።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ወር፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ወደ ገሳይ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሠናይት በየዓርቡ ወላጆቿ ዘንድ ትሄዳለች፤ ቤታቸው ከገሳይ ወርዶ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ያን ዕለት የተማሪዎቿን የፈተና ወረቀት ጭኗ ላይ ዘርግታ ታርማለች። አጠገቧ የተቀመጠው ቀጠን ያለ ባለ ሰማያዊ ጃኬት ወረቀቱን ሰረቅ እያደረገ ሲያይ ቆየና ስለ አንደኛው ጥያቄ ጠየቃት። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፤ በሚሮጥ ባቡር ፊትና ኋላ ሁለት መብረቅ ወደቀ። መሬት ላይ የቆመው ሰው ሁለቱም እኩል ወደቁ ይላል። ባቡሩ ውስጥ ያለው ደግሞ የፊተኛው ቀደመ ይላል። ደብረ ታቦር መቼም ባቡር አይቶ አያውቅም፤ ግማሾቹ ተማሪዎች ባቡሩን ሚኒባስ አድርገው ነበር የመለሱት።

«ማናቸው ናቸው ልክ?» አላት።

«ሁለቱም» አለችው ቀና ሳትል። «እያንዳንዱ ከቆመበት ሲለካ ልክ ነው።»

«የእኔም እንጀራ እሱ ነው» አለ ሰውየው።

ይህን ጊዜ ቀና አለች። ስሙ ተስፋነህ እንደሆነ፣ የደሴ ልጅ እንደሆነ፣ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ስሌት እንደሚሠራ ነገራት። ድርጅቱ የደጋውን ገበሬ ሰብል ለበረዶ መድን ሊገባለት አስቧል። የትኛው ቀበሌ ምን ያህል እንደሚያሰጋ አስልቶ የሚያቀርበው እሱ ነው። በእሱ ሥራ፣ አለ፣ በራሱ አስጊ የሚባል መሬት የለም። አንዱን መነሻ አድርገህ አንድ ትለዋለህ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ አንጻር ይለካል። የይፋግን ሜዳ አንድ ቢሉት፣ ጉና ሥር ያለው አገር አንድ ተኩል ይወጣል፤ በረዶ እዚያ አንድ ጊዜ ተኩል ይበረታል ማለት ነው። መነሻው ቢለወጥ ቁጥሩ ሁሉ ይለወጣል።

ሠናይት ነገሩን ወደደችው። ስለወደደችውም ጠረጠረች። ሰው ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ፣ ከስንት ወንበር መርጦ፣ ልቧን በሚያሞቀው ነገር እንዴት ይጀምራል? ገሳይ ስትወርድ እሱም ሲወርድ አየችና ቦርሳዋን ጠበቅ አደረገች። እሱ ግን ደህና ዋይ ብሏት ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት አቀና።

በሚቀጥለው ዓርብም እዚያው ነበር። በሚቀጥለውም።

የዚያ ሚኒባስ አንዱ መስኮት አይዘጋም፤ በኅዳር ነፋሱ እንደ ምላጭ ነው። ተስፋነህ ትርፍ ቅጽ አጥፎ አጥፎ ክፍተቱን ይወትፍላታል። በኪሱ የገብስ ቆሎ አይጠፋም። ስትናገር አያቋርጣትም፤ ነገር ሳይገባው ሲቀር ደግሞ የገባው አይመስልም፣ እንደገና ንገሪኝ ይላል። እሷም ልታታልለው ሳይሆን ልትፈትነው ብላ ስለ ራሷ ውሸት ትነግረዋለች፤ ሦስት ሳምንት ቆይታ ደግሞ እውነቱን ጣል ታደርግለታለች። አንድ ቀን እንዲህ ስታደርግ ሳቅ አለና «በኅዳር ስንገናኝ የተወለድሁት በታኅሣሥ ነው ብለሽኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሌላ ወር ትይኛለሽ፣ የቱን ልያዝ?» ብሎ ጠየቃት። በሳቅ ፈነዳች። ሾፌሩ ሳይቀር በመስታወቱ አያት። ያን ዕለት ስትወርድ ተስፋነህ እጇን ይዞ አወረዳት፤ እጇንም ቶሎ አልለቀቀም፤ እሷም ቶሎ አልነጠቀችም። ቤቷ እስክትደርስ ያን እጅ ኪሷ ውስጥ ከትታ ነው የሄደች።

አንድ ነገር ብቻ ይጎረብጣት ነበር። ተስፋነህ ስለ አባቷ መጠየቅ ያበዛል። አባትሽ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረዋል? ማንበብ ብቻ ነው ወይስ ይጽፋሉም? ያለፈውን ዘመን ያስታውሳሉ?

«አባቴ አይጽፍም» አለችው አንድ ቀን፣ ቆረጥ አድርጋ።

ይህ ደግሞ ከነገረችው ውሸት ሁሉ ትልቁ ነበር። አባቷ አያ ይሻው ይጽፋሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲጽፉ ኖረዋል። በረዶ በወረደ ቁጥር ቀኑን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ከየትኛው ማሳ እስከ የትኛው እንደመታ፣ ባቄላ ያህል ይሁን እንቁላል ያህል፣ አንድም ሳይዘሉ በደብተር አስፍረዋል። ደብተሩ ግን በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ሥር ነው የሚኖረው። ከእሳቸው፣ ከሚስታቸውና ከሠናይት በቀር መኖሩን የሚያውቅ የለም፤ ወይም የለም ብለው ነው የሚያስቡት።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። በዚያ አገር በረዶ ይመልሳል የሚባል ሰው አለ፤ ከየቤቱ እህል ይሰፈርለታል። በረዶ የሚመልስ ካለ ደግሞ በረዶ የሚልክ አይጠፋም ይላል ሕዝቡ። በ1991 በረዶው የጎረቤትን ገብስ አንድ ሳያስቀር አስተኝቶ የአያ ይሻውን ማሳ ዘለለው። ወዲያው ሐሜቱ ተነሣ፤ ድግምት ቢያውቅ ነው፣ ወደ እኛ የላከው እሱ ነው ተባለ። ሁለት ዓመት በጽዋ ማኅበር አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ። እሳቸውም በረዶ ማንንም መርጦ እንደማይመታ ለራሳቸው ለማረጋገጥ መጻፋቸውን አላቆሙም፤ ለሰው ግን አልተነፈሱም። የበረዶን ቀን የሚጽፍ ሰው መኖሩ ቢሰማ ምን እንደሚባል ያውቃሉ።

በግንቦት ተስፋነህ ሽማግሌ ልላክ ወይ ብሎ ጠየቃት። ሠናይት ሁለት ቀን አሰበች፤ ሁለት ቀንም አልተኛችም። በሦስተኛው ቀን ላክ አለችው። ደስ ብሏት ነበር፤ ፈርታም ነበር። እኔ የማላምን ሰው አይደለሁም ወይ፣ አሁን ምን ነካኝ እያለች ራሷን ትገሥጻለች። ሽማግሌዎቹ የሚሄዱበት እሑድ ተቆረጠ።

እሑዱ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ቀን፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጠው ተስፋነህ ስልክ ተደወለለትና ወደ ውጭ ወጣ። የሥራ ማስታወሻው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። መክፈት አልነበረባትም፤ ከፈተችው። መቼም የልማድ ነገር። ቁጥር ነው፣ የቀበሌ ስም ነው፣ የገበሬ ስም ነው። ወደ ኋላ ገለጥ ገለጥ ስታደርግ የራሷን ስም አገኘች።

«ይሻው፤ የበረዶ ደብተር አለው፤ ደሞዜ በዓይኑ አይቷል። ለማንም አያሳይም። ልጁ ሠናይት፤ ደብረ ታቦር ፊዚክስ ታስተምራለች። ዓርብ ከሰዓት በገሳይ ሚኒባስ።»

ደሞዜ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ነው። የገጹ ቀን ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ ከተገናኙበት ዓርብ ሦስት ቀን ይቀድማል።

ተስፋነህ ሲመለስ ማስታወሻው ያው ገጽ ላይ ተከፍቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠለት። አየውና ቀስ ብሎ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። አስተናጋጇ መጥታ የቀዘቀዘውን ሻይ ልቀይር ወይ ብትል ሠናይት ብርጭቆውን ገፋ አደረገችው።

«የቱ ቀደመ?» አለች ሠናይት። «እኔ ወይስ ደብተሩ?»

ተስፋነህ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ይሄ እንኳ ያንቺው ትምህርት ነው። እንደ ቆምሽበት ቦታ…»

«አይደለም» አለችው። «አልገባህም። ሁለቱ መብረቆች እኮ አይተዋወቁም። አንዱ ሌላውን አላመጣውም፤ ስለዚህ ነው የቱ እንደቀደመ ሰው የሚለያየው። አንዱ ሌላውን ያመጣው ከሆነ ግን ባቡር ላይ ቁም፣ ኮከብ ላይ ቁም፣ ቅደም ተከተሉ ለማንም አይለወጥም። ንገረኝ። አንተን ወደ እኔ ያመጣህ ምንድን ነው?»

ጭንቅላቱን ደፋ። «ደብተሩ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ የተናገረውን ሁሉ ሠናይት መስኮቱን እያየች ነው የሰማችው። ገበሬው የበረዶን ዓመት የሚነግረው በወንጌላዊ ነበር፤ ዘመነ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያለ። ወንጌላዊው ደግሞ በአራት ዓመት ተመልሶ ይመጣል። የእነ ሠናይትን ቀበሌ ያጠፋው የነሐሴ በረዶ በዘመነ ሉቃስ እንደወረደ ሁሉም ይስማማል። የትኛው ሉቃስ ሲባል ግን ግማሹ 2003 ነው ይላል፣ ግማሹ 2007 ነው ብሎ ይምላል። መጠይቅ የሞሉት ሰዎች ሁለቱንም መዘገቡና አንዱ በረዶ ሁለት በረዶ ሆነ። የእነ ሠናይት ቀበሌ ቁጥር ከይፋግ አንጻር አንድ ነጥብ ዘጠኝ ወጣ። ከአንድ ነጥብ ሰባት ያለፈን ቀበሌ ደግሞ ድርጅቱ አይቀበልም። ስድስት መቶ ቤት ገበሬ ባልወረደ በረዶ ከመድኑ ሊወጣ ነው። ተስፋነህ ስሕተት እንዳለ ጠርጥሯል፤ የተጻፈ ማስረጃ ካልቀረበ ግን የሚሰማው የለም። ደሞዜ አንድ ቀን አያ ይሻው ሲጽፉ ደርሶባቸው ነበር፤ ስለ ደብተሩ ቢጠይቃቸው ግን የት አይቼው ብለው ማሉ። ስለዚህ በልጃቸው በኩል ልሞክር ብሎ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ።

«መጀመሪያ እንዲያ ነበር» አለ። «መቼ እንደተለወጠ ግን አላውቅም። አንድ ዓርብ ስለ ደብተሩ ልጠይቅሽ አስቤ ተሳፈርሁ፤ ገሳይ ስንወርድ እንዳልጠየቅሁሽ ትዝ አለኝ። ከዚያም መጠየቁን ተውሁት። እወድሻለሁ ሠናይት። ይህን ብቻ አልዋሸሁም።»

«እሱንም ቢሆን በምን አውቃለሁ?» አለችውና ተነሥታ ሄደች።

በአንድ ግቢ የምትከራይ ሙሉሐብት የምትባል ጓደኛ አለቻት፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ፍልስፍና ታስተምራለች። ያን ቀን ከሰዓት ሠናይት አልጋ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ አገኘቻት። ነገሩን ከሰማች በኋላ ሙሉሐብት እንደ ልማዷ ፍልስፍና ጀመረች፤ እውነት እንደ ተመልካቹ ነው፣ ከእሱ በኩል ቁጭ ብለሽ ብታዪው ሌላ ነው አለቻት። ሠናይት ተቆጣች። አንጻራዊነት ማለት ሁሉም ልክ ነው ማለት አይደለም፣ ለማንም የማይለወጠው ነገር የቱ እንደሆነ መፈለግ ነው አለቻት፤ የማይለወጠውንም አግኝቼዋለሁ፣ ደብተሩ ቀድሞኛል።

«እሺ፣ ቀድሞሻል» አለች ሙሉሐብት አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጠች። «ከየት እንደተነሣ አውቀሻል። የት እንደ ደረሰ ግን በምን አወቅሽ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሽማግሌውን አታስቀሪ።»

ሠናይት ቅዳሜ ማለዳ ብቻዋን ወደ ገሳይ ሄደች። አባቷ በረት ሲጠርጉ አገኘቻቸውና አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ ሚኒባሱን፣ ማስታወሻውን፣ ደሞዜን፣ ሁለቱን ሉቃሶች። አያ ይሻው መጥረጊያውን ተደግፈው ሰሙ። ስለ ሰውየው የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ትወጅዋለሽ?»

«እወደዋለሁ አባየ» አለች። «አላምነውም እንጂ እወደዋለሁ።»

አያ ይሻው ለሽማግሌዎቹ መልእክት ላኩ፤ ልጁን ራሱን ይዛችሁ ኑ። ወይዘሮ አሰለፈች ተደናገጡ። ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር ይምጣ ተብሎ በዚያ አገር ተሰምቶ አይታወቅም። አያ ይሻው ግን ወደ መጥረጊያቸው ተመለሱ። ሠናይት የአባቷን ፊት እያየች ምን እንዳሰቡ መገመት አቃታት፤ እሳቸውንም ጠረጠረቻቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ጋሽ ሞላ የተባሉ ጡረተኛ መምህር፣ አንድ ቄስና የተስፋነህ አከራይ ናቸው። ተስፋነህ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ገባ። ሠናይትና እናቷ ከግድግዳው ወዲያ ጓዳ ውስጥ ሆነው ያዳምጣሉ። አያ ይሻው ተቀመጡ ቢሉ ጋሽ ሞላ እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ፤ ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጠየቁ።

ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ሲከፈት ተሰማ። ወይዘሮ አሰለፈች የልጃቸውን ክንድ ጭምድድ አድርገው ያዙ። አያ ይሻው ጨርቁን ፈትተው ደብተሩን በሰው ሁሉ ፊት መደቡ ላይ አኖሩት። ሠላሳ ዓመት የተደበቀው ነገር ወጣ።

«ይህን ፈልጎ መጣ አሉኝ» አሉ። «ልጄንም ፈልጓል አሉኝ። እኔ ሁለቱን አልሰጥም። አንዱን ይምረጥና ይሂድ።»

ቄሱ ኧረ አያ ይሻው፣ ልጅ በዕቃ አይመዘንም እያሉ ጀመሩ። አያ ይሻው እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው። ጓዳ ውስጥ ሠናይት ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አስጠጋች። እኔን በል፣ አለች በልቧ። ስትለው ራሷን ሰማች፤ አፈረችም፤ ግን ደግማ አለችው። እኔን በል።

«ሠናይት ትሰማለች?» ሲል ተሰማ ተስፋነህ።

«ትሰማለች» አሉ አባቷ።

አንዱ ሽማግሌ ሳል አለ።

«ደብተሩን ይስጡኝ» አለ ተስፋነህ።

ጋሽ ሞላ በስመ አብ ብለው አማተቡ።

«ሐሙስ ስሌቱ ይዘጋል» አለ። «ይህ ደብተር ካልገባ ስድስት መቶ ቤት ባልወረደ በረዶ ይወጣል። ነገ እውነተኛው ሲወርድ እነዚህ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። እኔ ስሕተት መሆኑን እያወቅሁ ሚስቴን ይዤ ልቀመጥ አልችልም። እሷን ከመውደድ የበለጠ የወደድሁት ነገር የለም፤ ይህን ትወቅልኝ። ስምዎትን ከደብተሩ ላይ እሸፍነዋለሁ አያ ይሻው፤ ማን እንደጻፈው ከዚህ ቤት ውጭ አንድም ሰው አይሰማም።»

ደብተሩን አነሣ። ጎንበስ ብሎ የአያ ይሻውን ጉልበት ሳመና ወጣ። ሽማግሌዎቹም በኀፍረት ተከተሉት። አያ ይሻው ከመደቡ አልተነሡም።

ሠናይት ያለቀሰችው ልቅሶ አይነገርም። መጀመሪያም ደብተሩ፣ መጨረሻም ደብተሩ እያለች ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር አማታች። እናቷ አይዞሽ ልጄ፣ እንኳንም ሳይወስድሽ ታወቀ እያሉ እንባዋን ይጠርጉላታል። በዚህ መካከል ልቅሶዋ ድንገት ተቋረጠ። አንድ ሐሳብ ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። እንደ ስሌት ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጠችው፤ እንደ ልማዷ ሕፀፅ ፈለገችበት። አጣችበት። ብድግ ብላ ወጣች።

«ኧረ ነጠላሽን! ሰው ምን ይላል!» እያሉ ወይዘሮ አሰለፈች በኋላዋ ወረወሩላት።

ሽማግሌዎቹ ከቤቱ ሥር ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ራቅ ብለው ቆመዋል፤ ጥለውት እንዳይሄዱ ልጁን እየጠበቁ ነው። ተስፋነህ ካቡ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ስትመጣ ኮቴዋን ሰማ፤ ቀና ግን አላለም።

«2003 ነሐሴ ላይ ምንም የለም» አለ በጣቱ መስመሩን ተከትሎ። «2007 ላይ ብቻ ነው። አንድ በረዶ ነው።» እንባው ገጹ ላይ እንዳይንጠባጠብ በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ። «አንድ ነጥብ አራት ይወጣል። ይገባሉ።»

ሠናይት ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ውሸታም ብትሆን እኔን ትመርጥ ነበር» አለችው።

ተስፋነህ ቀና ብሎ አያት።

«እኔን ይዞ የሄደ ሰው ደብተሩን የት ያጣዋል? የአማቱ ሣጥን ውስጥ ነው። ሐሙስ ሳይደርስ ሙክት ይዞ መጥቶ፣ አባቴን አጫውቶ ያወጣው ነበር። ሁለቱንም የሚያገኘው እኔን የመረጠ ነው። አንተ ግን እኔን ለዘላለም የምታጣበትን መረጥህ፤ እያለቀስህ።» እንባዋ ተመልሶ መጣ። «ስምንት ወር ሙሉ አንተን ለማመን ምክንያት ስፈልግ ከረምሁ። አሁን ላለማመን ፈለግሁ፤ አጣሁ። አምንሃለሁ ተስፋነህ።»

ተስፋነህ እንደተቀመጠ ሁለት እጆቿን ያዘ። ሽማግሌዎቹ ያዩ እንደሆነ እንኳ ግድ አልሰጣትም። ቄሱ ወደ ሰማይ ማየት ጀመሩ።

ከላይ ከቤቱ ደጃፍ የአያ ይሻው ድምፅ መጣ። በትራቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል።

«ጋሽ ሞላ» ብለው ተጣሩ፤ «ሽማግሌ እንደ ቆመ ይሄዳል እንዴ? ዘር እንኳ ሳንቆጥር! ልጁን ይዛችሁ ተመለሱ። አንዱን እሱ መርጧል፤ ሌላውን እኔ መርቄ እሰጠዋለሁ።»